አዲስ ታካሚ አልጋ ሲይዝ፦ ነርስ ምን ትጠይቅ፣ እንዴት ትጠይቅ

ታካሚ ከድንገተኛ ክፍል ወጥቶ ዋርድ አልጋ ሲይዝ ነርስ በምትሞላው ቅጽ ላይ የገባ ስሕተት በቀላሉ አይወጣም። ተረኛው ከተረኛው ይገለብጠዋል፣ ሐኪሙም የመውጫ ማጠቃለያውን ሲጽፍ ከዚያው ይወስዳል። «የመድኃኒት አለርጂ፦ የለም» ተብሎ አንዴ ከተጻፈ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። እንዲህ ያለው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ታካሚው ስለዋሸ አይደለም፤ ጥያቄው በአንድ «አዎ» ወይም «የለም» እንዲያልቅ ሆኖ ስለቀረበለት ነው። የታመመ ሰው ደክሞታል፣ ነርሷን ማስቸገርም አይፈልግም፤ «አዎ» ብሎ መገላገል ይቀለዋል። ከዚህ በታች ያለው በአዋቂዎች የውስጥ ደዌ ክፍል የምንሠራበት ነው። አዲስ ለተመደቡ ነርሶችና ለልምምድ ለሚመጡ ተማሪዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከመጠየቅ በፊት ማየት

አልጋው ጋ ሳትደርሱ ከበሩ ላይ ሆናችሁ እዩት። ሲያወራ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል ወይስ በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ይቆርጠዋል? ጋደም ብሏል ወይስ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ተደግፏል? ላብ አጥምቆታል? ስሙን ስትጠሩት ዓይኑን ወደ እናንተ ያዞራል? ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ መጠየቅ። አተነፋፈሱ በደቂቃ 25ና ከዚያ በላይ ወይም 8ና ከዚያ በታች ከሆነ፣ የደሙ ኦክስጅን 91 ከመቶና ከዚያ በታች ከወረደ፣ የላይኛው የደም ግፊት 90ና ከዚያ በታች ከሆነ፣ የልብ ምቱ 131ና ከዚያ በላይ ወይም 40ና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም አዲስ የመጣ መደናገር ካለበት ቅጹን ዝጉትና ሐኪም ጥሩ። የቀረው መረጃ ከአስታማሚ ወይም ቆይቶ ከራሱ ከታካሚው ይገኛል። ቅጽ ለመጨረስ ሲባል ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ሃያ ጥያቄ ማስመለስ ራሱ ጉዳት ነው።

ኦክስጅን ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ የጤነኛ ሰው ቁጥር ቆላ ካለው ሰው ትንሽ ዝቅ ሊል ስለሚችል 93 ወይም 94 ስታዩ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን እዩ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላም ደግማችሁ ለኩ። የኦክስጅን መለኪያው መሣሪያ የሚሰካበት ጣት ላይ እንሶስላ፣ ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ካለ ሌላ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ሞክሩ። እጅ ከቀዘቀዘ አሙቁት። በጠቆረ ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊሰጥ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው ካቃሰተ ሰውየውን እመኑ።

አተነፋፈስን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። በየካርዱ ላይ «20» ተደርድሮ የሚታየው ሳይቆጠር ስለሚጻፍ ነው፤ ከሁሉም መለኪያዎች ቀድሞ የሚናጋው ደግሞ ይኸው ስለሆነ ነገሩ ያሳዝነኛል። ታካሚው እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል፤ ስለዚህ የእጁን ምት እንደያዛችሁ ዓይናችሁን ወደ ደረቱ አዙሩ። የልብ ምቱ ወጣ ገባ ከሆነም 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አይሠራም፤ እሱንም ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ።

ለደም ግፊት ታካሚው 5 ደቂቃ ይረፍ። በአለፈው ግማሽ ሰዓት ቡና ጠጥቶ ወይም አጭሶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሽንቱ ወጥሮትም ከሆነ ይሽና። ክንዱ በልቡ ልክ ይደገፍ፤ ተቀምጦ ከሆነ እግሩ መሬት ይርገጥ፤ በምትለኩበት ጊዜም አታውሩት። ሹራብና ጋቢ ላይ መጠቅለል፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ማነቅ ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ልብሱን አውጡ። የክንድ መጠቅለያው ውስጥ ያለው ፊኛ ርዝመት የክንዱን ዙሪያ 80 ከመቶ፣ ስፋቱ 40 ከመቶ መሸፈን አለበት። ለወፍራም ክንድ ጠባቡን ከተጠቀማችሁ ግፊቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይነበባል፤ በጣም ለከሳ ክንድ ሰፊውን ከተጠቀማችሁ ደግሞ ዝቅ ይላል። በስቴቶስኮፕ ስትለኩ መጀመሪያ የእጅ አንጓውን ምት ይዛችሁ ንፉ፤ ምቱ የጠፋበትን ቁጥር ያዙና ከዚያ በ30 ከፍ አድርጉ፣ ሲወርድም በሰከንድ 2 ያህል ይውረድ። ምቱን ሳትይዙ በግምት ከነፋችሁ በአንዳንድ የደም ግፊት ሕመምተኞች ላይ ድምፁ መሐል ላይ ስለሚጠፋ 190 የነበረው 150 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

የሚናገረው ማነው

በቅጹ ላይ «የመረጃው ምንጭ» የምትለዋ መስመር ባዶ አትቅር። «ታካሚዋ ራሷ»፣ «አብሯት የምትኖረው ልጇ»፣ «ያመጣት ጎረቤት» ማለት የተለያየ ክብደት አለው። ይዞ የመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ከተማ ያለ ዘመድ ነው፤ ቤት ምን ትበላ እንደነበር፣ የትኛውን ኪኒን እንዳቋረጠች አያውቅም። «ቤት አብሯቸው የሚኖረው ማነው?» ብላችሁ የዚያን ሰው ስልክ ተቀበሉና ደውሉ። የሁለት ደቂቃ ስልክ ከአንድ ሰዓት ግምት ይሻላል።

አስታማሚ የሚጠቅመውን ያህል ይጋርዳል። ልጅ አባቱ ፊት ስለ መጠጡ አይናገርም፤ ሚስትም ባሏ ፊት የምትደብቀው ይኖራታል። አስታማሚውን «ውጣ» ማለት ቅሬታ ያመጣል። መድኃኒት ቤት ወይም ካርድ ክፍል የሚሄድበትን ሰዓት መጠበቅ፣ ወይም «አሁን ሰውነታቸውን ስለማይ ትንሽ ደጅ ይቆዩልኝ» ማለት ያለ ንትርክ ያልፋል። መጋረጃ ከሌለ አልጋ ልብስም ይሁን ከለላ አቁሙ፤ ግን መጋረጃ ድምፅ እንደማይከለክል አትርሱ፤ ጎረቤት አልጋ ጆሮ አለው። ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ፅንስ ማቋረጥ፣ ስለ ድብደባ የሚጠየቀው ብቻውን ሊያናግር የሚያስችል ቦታ ሲገኝ ነው።

ታካሚው አማርኛ ካልቻለ ቋንቋውን የሚናገር የሙያ ባልደረባ ፈልጉ። ዘመድ ሲያስተረጉም ያሳጥራል፣ ያፈረበትን ይዘላል፣ ሐኪም የሚፈልገው መስሎ የታየውን ይጨምራል። ሌላ ሰው ከሌለ አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ስጡት፣ «እሳቸው ያሉትን ሁሉ እንዳለ ንገረኝ» በሉት፣ ታካሚው ሦስት ደቂቃ ተናግሮ ትርጉሙ «ደህና ነኝ ይላሉ» ከሆነ መልሳችሁ ጠይቁ። ልጅን ለወላጁ ማስተርጎም በፍጹም አይገባም።

አጠራርን በተመለከተ አዛውንቱን «አባባ»፣ «እማማ» ወይም «አባቴ»፣ «እናቴ» ብሎ በ«እርስዎ» ማናገር የተለመደ ነው። ግን መጀመሪያ ሙሉ ስምን ከነአያት ጠይቁና ከካርዱ ጋር አስተያዩ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ስም ከነአባቱ ሲገኝ ብርቅ አይደለም። «ተስፋዬ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የደከመ ሰው ለሌላ ስምም «አቤት» ይላል። «ስምዎን ከነአያት ይንገሩኝ» በሉ።

ስሞታውን በራሱ ቃል

ካርዱ በእንግሊዝኛ ቢሞላም ዋናውን ስሞታ ታካሚው በተናገረበት ቃል ጻፉት። «ጨጓራዬ»፣ «ኩላሊቴ»፣ «ብርድ መታኝ»፣ «ምች ነው»፣ «ልቤን» ሲባል ታካሚው የሚነግራችሁ በሰፈሩ የተሰጠውን ስም ነው። ጨጓራ የሚባለው ሕመም የእውነት ጨጓራ፣ የሐሞት ጠጠር፣ የጣፊያ ወይም የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። ኩላሊት የሚባለው ብዙ ጊዜ የወገብ ጡንቻ ነው። ስለዚህ «በእጅዎ ያሳዩኝ» በሉ፤ በአንድ ጣት ያመለክታል ወይስ በሙሉ መዳፍ ደረቱን ይጫናል? ሁለተኛውን ካያችሁ፣ በተለይም ሽቅብ ሲወጣ ወይም ሲሠራ የሚብስ፣ ሲያርፍ የሚተው፣ ላብ ያለበት፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንገጭላ የሚሄድ ከሆነ «ጨጓራ» ብላችሁ ሳትጽፉ የልብ ምርመራ እንዲነሣ ለሐኪም ንገሩ። የስኳር ሕመምተኛ ላይ ደግሞ የልብ ሕመሙ ደረቱን ምንም ሳያመው፣ በላብና በድካም ብቻ ሊመጣ ይችላል።

የሕመሙን ጠባይ ሲናገር ቃሉን አትለውጡበት። ይቆርጣል፣ ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይጨመድዳል፣ ይከብዳል፤ እያንዳንዱ ለሐኪሙ ሌላ ነገር ይነግረዋል። መቼ ጀመረ፣ ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ፣ ምን ያብሰዋል፣ ምን ያስታግሰዋል፣ ወዴት ይሄዳል፣ አሁንስ ምን ያህል ነው? «ከ0 እስከ 10» የሚለው መለኪያ ላልተማሩ ሰዎች አይጨበጥም። አሥር ጣትን ዘርግቶ «ምንም ሳያምዎ እጅዎ ጭብጥ፣ ከሁሉ የባሰው ሕመም ሲሆን አሥሩም ጣት፤ አሁን ስንት ጣት ነው?» ማለት ይሠራል። ቁጥሩን መስጠት ከከበዳቸው «እንቅልፍ ይነሣዎታል? ሲያገላብጡዎት ያስጮህዎታል?» ብላችሁ መልሱን በቃል ጻፉ።

ብዛትን የሚጠይቅ ጥያቄ ሁሉ ታካሚው ከሚያውቀው ነገር ጋር ይያያዝ። «ስንት ሜትር መራመድ ይችላሉ?» መልስ የለውም። «ድሮ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያርፉ ነበር? አሁንስ ስንቴ?» መልስ አለው። «የምግብ ፍላጎት አለዎት?» ሳይሆን «ትናንት ከጧት ጀምሮ ምን ምን ቀመሱ? እንጀራው ሙሉ ነበር ወይስ ሩብ?»። ክብደት መቀነሱን ቀበቶው በስንት ቀዳዳ ገባ ብሎ፣ እብጠትን ጫማ ጠብቦት እንደሆነ መጠየቅ ነው። ሽንት ስንት ጊዜ፣ ቀለሙ ውኃ ይመስላል ወይስ የጠቆረ ሻይ? ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካለው በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል እንጠብቃለን፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ትንፋሽ የሚያጥረውን «በስንት ትራስ ይተኛሉ?» ከማለት «ጋደም ሲሉ ያፍንዎታል? ቁጭ ብለው ያድራሉ?» ማለት ይሻላል፤ በብዙ ቤት ትራስ አንድ ብቻ ነው።

ወጣት ታካሚ ትንፋሽ አጥሮት፣ እግሩ አብጦ ከመጣ «በየወሩ የሚወጉት መርፌ አለ? የመጨረሻው መቼ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በቁርጥማት ምክንያት የሚመጣ የልብ ሕመም አገራችን ውስጥ ብዙ ወጣት ይዟል፤ የተቋረጠው የፔኒሲሊን መርፌም «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባል አይነሣም፤ ብዙዎች መድኃኒት ሲሉ ኪኒን ነው የሚያስቡት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፣ ክሳት መኖሩን ደግሞ አልጋ ከመመደቡ በፊት ጠይቁ፤ ከተመደበ በኋላ ከጠየቃችሁ መሐል ክፍል ያደረው ሰው ሌሎቹ ላይ ሲያስል አድሯል ማለት ነው።

ሰዓት፣ ቀን፣ ዓመት

ብዙ ጉዳት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ታካሚዋ «ኪኒኑን 2 ሰዓት ላይ ወሰድኩ» ስትል ከጧቱ ወይም ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለቷ ነው፤ ቅጹ ላይ 2፡00 ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተነበበ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። በየ6 ሰዓቱ ለሚሰጥ መድኃኒት ይህ አንድ ሙሉ መጠን መዝለል ወይም መደራረብ ነው። ኢንሱሊን ከሆነ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ሁለቱንም ጻፉ፦ «ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 20፡00»። ውጭ አገር የምትሠሩ ነርሶችም ከአገር ቤት በቅርብ የመጡ ወላጆችን ስታናግሩ ይህን አስታውሱ፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው ሲመልሱላችሁም «አዎ» ማለታቸው መሆኑን ለሥራ ባልደረቦቻችሁ ንገሩ።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የጀመረ ሕመም የትኛው ቀን እንደሚጻፍ ያደናግራል። «ሲነጋ ምን ቀን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ለዓርብ አጥቢያ» ካሉ ዓርብ ነው። የልደት ዓመትም እንዲሁ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረውን 1960 በአውሮፓ አቆጣጠር ብታሰሉት ሰውየው 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። ዓመቱን የማያውቁ አዛውንት ሲሆኑ በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ አግብተው እንደሆነ፣ በ1977 ድርቅ ልጅ ነበሩ ወይስ ወላጅ፣ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ስንት ልጅ እንደነበራቸው ጠይቁና «በግምት» ብላችሁ ጻፉ።

ለሴት ታካሚ የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበት ቀን በጾም ወይም በበዓል ይታወሳል፤ «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?» በሉ። ነፍሰ ጡር ከሆነች የመውለጃዋን ቀን በእኛው አቆጣጠር ማስላት ቀላል ነው፤ ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ 9 ወርና 10 ቀን መደመር ነው። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለፈ 10ሩ ቀን ወደ 5 ይወርዳል፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ወደ 4። የወር አበባዋ መስከረም 5 የጀመረ ሰኔ 15፣ ጥር 10 የጀመረ ደግሞ ጥቅምት 15 ትጠብቃለች።

መድኃኒት

«መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚለው ጥያቄ «አልወስድም» ያስብላል፤ ለብዙ ሰው መድኃኒት ማለት ለዛሬው ሕመም የሚዋጠው ነው፣ የደም ብዛቱ ኪኒን ከቤቱ ዕቃ እኩል ሆኗል። ከፋፍላችሁ ጠይቁ፦ በየቀኑ የሚዋጥ፣ የሚወጋ፣ የሚነፋ፣ ዓይን ውስጥ የሚጨመር፤ ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ የተገዛ ማስታገሻ፤ ከጎረቤት የተቀበሉት፤ ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ዘመድ የላከው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለወገብና ለጉልበት እየተባለ ለወራት ይወሰዳል፤ ኩላሊቱ የተጎዳ ወይም ጥቁር ሰገራ የሚወጣው ታካሚ ላይ ይህን ስም አውጥቶ ካልጠየቁ አይገኝም። ቤት ያለውን ሁሉ፣ ባዶውን ማሸጊያ ጭምር፣ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ አስታማሚውን እዘዙት። የእያንዳንዱን የመጨረሻ መጠን ቀንና ሰዓት ጻፉ፤ «ይወስዳል» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ከሁለት ወር በፊት ያቋረጠውንም ይጨምራል። «ስንት ቀን ዘለሉ?» ከማለት «ባለፈው ሳምንት ስንቱን ቀን ሳይመችዎት ቀረ?» ማለት እውነቱን ያወጣል፤ መዝለል የሚጠበቅ መሆኑን ስለሚነግራቸው ነው።

ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ባዶ ሲሪንጅ ስጡትና «እስከ የት ይስባሉ? ያሳዩኝ» በሉት። ሐኪሙ ያዘዘውና እጁ የሚስበው የሚለያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ላለው ኢንሱሊን የተሠራን ሲሪንጅ 100 ዩኒት ላለው መጠቀም መጠኑን በሁለት እጥፍ ተኩል ያዛባል። ደመናማው የትኛው፣ ጥርት ያለው የትኛው እንደሆነ፣ ጧት ስንት ማታ ስንት እንደሚወጋ፣ ፍሪጅ ከሌለ የት እንደሚያስቀምጠው ጠይቁ። የሚወጋበትን ቦታ ዳብሱ፤ አንድ ቦታ ደጋግሞ በመውጋት የተቋጠረ ቆዳ ካለ ኢንሱሊኑ በቅጡ አይሰርግም፣ ስኳሩም በዚያ ምክንያት ሊዋዥቅ ይችላል።

አለርጂን በተመለከተ ሰው «ፔኒሲሊን አይስማማኝም»፣ «ሰውነቴ አይቀበለውም» ነው የሚለው። «ሲወስዱ ምን ሆኑ? ከስንት ጊዜ በኋላ?» ብላችሁ አስከትሉ። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ አንድ ነገር ነው፤ ሰውነት መንደብደብ፣ ከንፈር ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት ሌላ ነው። ሁለቱንም «አለርጂ» ብሎ መጻፍ አንዱን ታካሚ ከሚያስፈልገው መድኃኒት ያርቀዋል፣ የሌላውን አደጋ ደግሞ ያቃልላል።

ጠበል፣ ጾም፣ የባህል መድኃኒት

በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሚሞላው ቅጽ አሜሪካዊቷ ማርጆሪ ጎርደን ባዘጋጀቻቸው 11 ዘርፎች የተከፈለ ነው፤ ከጤና አጠባበቅ ጀምሮ በእምነት ያበቃል። በቅጹ ቅደም ተከተል መጠየቅ ግን አያስፈልግም፣ የእምነቱም ክፍል መጨረሻ መጠበቅ የለበትም። «ከታመሙ ጀምሮ የት የት ሄዱ?» ብላችሁ መንገዱን ተከተሉ፦ ጤና ጣቢያ፣ ክሊኒክ፣ ጠበል፣ የባህል ሐኪም፣ እንደገና ጤና ጣቢያ። እንዲህ ስትጠይቁ ጠበሉ ከሌላው ጋር እኩል ይነገራል፣ ማንም አይሸማቀቅም። ከዚያ «ጠበሉ ቦታ ሳሉ ኪኒኑን ይወስዱ ነበር?»። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር፣ የደም ግፊትና የኤችአይቪ መድኃኒት የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ፊታችሁ ከተኮማተረ ሁለተኛ አይነግሯችሁም። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ይህን ማስታወስ ምእመኑን ታካሚ ያሳርፈዋል። ጠበል በብዛት ጠጥተው ያስመለሳቸው ከሆነ ስንት ቀን እንደቆየ ጻፉ፣ የሰውነት ፈሳሽና ጨው ምርመራ ያስፈልገዋል።

ጾምን «ይጾማሉ?» ብቻ ሳይሆን «እስከ ስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ የስኳር ሕመምተኛ የጧቱን ኢንሱሊን ወግቶ ከሆነ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ በረመዳን ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ፍጥርና ወደ ሱሑር ይሸጋሸጋል፣ የቀኑም ይቀራል። ሆስፒታል ተኝተውም የሚጾሙ አሉ። ወተትና እንቁላል ያለበት ምግብ ታዝዞ ትሪው ሳይነካ ሲመለስ «እምቢ አለ» ተብሎ ከመጻፉ በፊት ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ እንዳልሆነ እዩ።

የባህል መድኃኒትን በስም ጥሩ፦ ኮሶ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ ሽፈራው፤ የማያውቁት ሥር ተቀቅሎ ጠጥተው ከሆነም መቼና ስንት ሲኒ። የጉበት ምርመራው የተዛባ ታካሚ ላይ ይህ መረጃ ብዙ ድካም ያሳጥራል። እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት፣ መተኮስ ሲጠየቅ ባይነገርም ጠባሳው ሰውነት ላይ ይታያል።

መጠጥን «ይጠጣሉ?» ሲሉት «አልፎ አልፎ» ነው መልሱ። «አረቄ ነው ጠላ? በቀን ስንት መለኪያ? ጧት ሳይቀምሱ እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሱት መቼ ነው?»። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው ሲተኛ መጠጡ ይቋረጣል፤ መንቀጥቀጡ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠትና መደናገር ሊከተል ይችላል። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ከአልጋ የሚዘለውን ታካሚ «አእምሮው ታመመ» ብሎ ከማሰር የመጀመሪያው ቀን የተጻፈች አንዲት መስመር ታድናለች። ጫትንም እንዲሁ ጠይቁ።

ሰውነትን ማየት

ቆዳን ማየት ከመጣበት ሰዓት አይዘግይ። ታፋውን፣ መቀመጫውን፣ ተረከዙን፣ የዳሌ አጥንቱን ገልጣችሁ እዩ። በእኛ ቆዳ ላይ የሚጀምር የአልጋ ቁስል አይቀላም፤ ይጠቁራል ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል፣ ዙሪያው ካለው ቆዳ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ሲነካ ይጠነክራል ወይም ይልማል። ስለዚህ በእጃችሁ ጀርባ አወዳድሩ። ቁስል ካለ ርዝመቱንና ስፋቱን በሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱን፣ ሽታውን ጻፉ። በገባበት ቀን ካልተጻፈ ከሳምንት በኋላ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ደም ማነስን በዓይን ውስጠኛ ሽፋንና በመዳፍ፣ ቢጫነትን በዓይን ነጭ ላይ በቀን ብርሃን፣ የኦክስጅን እጥረትን በምላስ ላይ ፈልጉ።

አእምሮው ቦታውን መያዙን ስትፈትሹ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ያልተማሩ እናትን ያለ ጥፋታቸው ይጥላል። «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ሲባሉ ግን ብዙ የኦርቶዶክስ አዛውንት ወዲያው ይመልሳሉ፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም። ለሙስሊም አዛውንት «ለጁምዓ ስንት ቀን ቀረው?» ይሆናል። ልጆቻቸውን በተራ እንዲጠሩም ጠይቁና ከአስታማሚው ጋር አመሳክሩ።

መጻፍ

«ደህና ነው»፣ «ልዩ ችግር የለም»፣ «ምግብ ይመገባል» ለቀጣዩ ተረኛ ምንም አይነግሩም። «ትናንት ከሩብ እንጀራ በታች በልቷል፣ ሁለት ጊዜ አስመልሷል፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አልሸናም» ይነግራል። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ፤ «ሰክሯል» ሳይሆን «አፉ አረቄ ይሸታል፣ ሲያወራ ይጎትታል፣ ስኳሩ 48 ነው»። የመጨረሻዋ ቁጥር የመጀመሪያውን ፍርድ እንዴት እንደምትገለብጥ እዩ፤ የወረደ ስኳር ሰካራም ያስመስላል፣ ስለዚህ የተደናገረ ታካሚ ሁሉ ጣቱ ይወጋ።

ሁሉን በአንድ ጊዜ መጨረስ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስም፣ መለኪያዎች፣ ዋና ስሞታ፣ አለርጂ፣ መድኃኒትና የመጨረሻ መጠን፣ መጠጥ፣ ቆዳ፣ የመውደቅ አደጋ ይያዙ። እንቅልፉን፣ ቤተሰቡን፣ ጭንቀቱን፣ የግል ጥያቄዎቹን በማግስቱ ጧት አርፎ ሲረጋጋ ጠይቁ። ያልተጠየቀውን ባዶ አትተዉት፣ በግምትም አትሙሉት። «አልተጠየቀም፣ አስታማሚ አብሯት ስለነበረ» ወይም «መልስ አልሰጠም፣ ትንፋሽ ስላጠረው» ብላችሁ ጻፉ፣ በርክክብም ላይ ለተረኛው በቃል ንገሩ፦ 7ኛ አልጋ፣ የመድኃኒት ፌስታሏ ነገ 3 ሰዓት ይመጣል፣ ብቻዋን ስትሆን የሚጠየቁ ሁለት ጥያቄዎች ቀርተዋል።